አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ

ጥር ነው በኦውሉ። ፀሐይ ብቅ አለች፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ ተመልሳ ገባች።
እኔ ግን ወጣሁኝ፣ ማሞቂያዬን ጥዬ፣
አሥራ ሁለት ጥያቄ በደብተር አዝዬ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀርጽ የከረምኩት
ሶፍትዌር ሲራመድ ዱካው የሚጻፍበት
መልክ ነው፦ ሰዓቱ ከፊት፣ ስሙ ከኋላ፣
ለዚህ አራት ባይት፣ ስምንት ለሌላ፣
አንዱ ካንዱ ሳይጋፋ፣ ሁሉም በየቤቱ፤
እንደ ጥሩ ልብስ አይታይም ስፌቱ።
አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ኖሯል ለካ፦
ማንንም አልጠየቅሁ፣ ማን ያነባል ዱካ።

ራውኖ ሌሊት ነው የሚሠራ፣
ከማማው ሥር ባለው የሬዲዮ ቤተ ሙከራ።
ደብተሬን ስገልጠው እጁን አነሳና
"ጥያቄሽ ይቆየን፣ እስቲ ስሚኝ ደህና።
ይቺ ሳጥን" አለኝ "በአንዲት ሴኮንድ ዕድሜ
ሦስት መቶ ሺህ ጊዜ ትጽፋለች፤ ቆሜ
ስቆጥር ነው የማድረው። አንድ ባይት ብትጨምሪ
አሸዋ ነው በይው፣ ክብደቱን አትፍሪ፣
አንዷ ፍሬ ምን አላት! ጆንያው ግን፣ ጆንያው . . ."
ማንቂያው ጮኸበትና ጥሎኝ ሮጠ ወደዚያው።

ሳኔልማን ግን ኬሚ፣ ከወደቡ ዳር፣
ከበረዶ ሰባሪ መርከብ ሆድ ውስጥ ነበር
ያገኘኋት። ግራሶ በጉንጯ ላይ አለ።
"ይጥበብ ያለሽ ማነው? ይናገር! ካልቻለ
ምን ያደርግልኛል? 'ግፊት አርባ ሁለት'
ይለኛል። አርባ ሁለት ምን? ባር ነው? ወይስ ሌላ ልኬት?
መርከቡ በረዶ ውስጥ፣ ካፒቴኑ ከበላዬ፣
እኔ ቁጥር ልፍታ እንደ ሕልም ፈቺ? ኧረ ጌታዬ!"

ለሷ ቃል ብጨምር ለሱ ሸክም ሆነ፤
ለሱ ባይት ብቀንስ የሷ ነገር ባከነ።
ሁለቱን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፤
ባቡሩ ሲያናውጠኝ እንኳ አልተነካኩም።

ኦይቫ ራሄ ነው፣ ብረት ማቅለጫው ጋ፣ የክሬን ጠጋኝ።
ባለ ሦስት እግር ዱካ ስቦ "ተቀመጪ" አለኝ።
ዱካው ይወላገዳል። መሳቢያ ከፈተ፣
ታጥፎ የነተበ ወረቀት ዘረጋልኝ።

"ኅዳር ላይ ክሬኑ ወደቀ። ከሥሩ ማንም አልነበረም፤
ከአንድ ደቂቃ በፊት ግን ነበረ።
ማሽን ሲሞት ኑዛዜውን አይጨርስም፣ ልጄ።
የመጨረሻዋ መስመር ይቺትና፣ ከወገቧ ተቆርጣለች፦
'ፍሬኑ ተ'
ተያዘ? ተለቀቀ? ተበላሸ?
ያንቺ መልክ ጎደሎ ሲያይ ፋይሉን በሙሉ
'አይነበብም' ብሎ ይዘጋብኛል።
እኔ የምፈልገው እቺን 'ተ' ነው።"

ደብተሬን አገላበጥኩ።
"ከአንድ እስከ አምስት ስንት ትሰጠዋለህ?" የሚል ነበር።
"ጽሑፍ ይሁን ወይስ ባይነሪ?" የሚል ነበር።
ከአሥራ ሁለቱ አንድም
ስለ ግማሽ ቃል የሚጠይቅ አልነበረም።

ደግሞ አንድ ተማሪ አለ፣ ቬኒ የሚባል፣
"አንብቤው አላውቅም፣ ለሌላ ሰው እልካለሁ" ብሎኛል።
እሱንም ጻፍኩት። መልስ ነው፤ ያማል።

ማታ በአውቶቡስ ስመለስ
በጣም የምወዳትን ሕግ በእርሳስ ሰረዝኩ፣
"ያልተሟላ አይቆጠርም" የምትለዋን።
ሰርዤም ጥቂት አዘንኩ፤ እንዴት ያለች አጭር፣ እንዴት ያለች ንጹሕ ነበረች።
ለራውኖና ለሳኔልማ ዛሬም የሚያስታርቅ ቃል የለኝም።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ወደ ቤት ሳዘግም
ጠዋት የረገጥኩትን በረዶ ደርቦበታል፣
ግን ጨርሶ አልዋጠውም።
ተረከዙ የለም። የጫማዬ ጫፍ ብቻ፣
እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣
በየት በኩል እንደወጣሁ ያመለክታል።
ጎንበስ ብዬ
አነበብኩት።